በቀዶ ጥገና ከወለዱ በኋላ ኢንፌክሽንን መከላከል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በኦፕራሲዮን የወለዱ እናቶችና አራሷን የሚያርሱ ቤተሰቦች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

ኢንፌክሽኑ የሚይዘው ስፌቱን ብቻ ነው?

አይደለም። ሐኪሙ ልጁ ጋ የሚደርሰው ቆዳውን፣ ስቡን፣ ከጡንቻው በላይ ያለውን ጠንካራ ሽፋን፣ በመጨረሻም ማህፀኑን ከፍቶ ነው። ስለዚህ ቆዳውና ከስሩ ያለው ስብ ሊያመረቅዝ ይችላል፤ የማህፀን ውስጠኛው ግድግዳም ለብቻው ሊበከል ይችላል። በዚያ ላይ ለቀዶ ጥገናው የገባው የሽንት ቱቦ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊያመጣ ይችላል። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው፣ ስፌቱ አምሮና ደርቆ ማህፀን ውስጥ ግን ኢንፌክሽን ሊኖር ስለሚችል ነው። «ቁስሌ እኮ ደህና ነው» እያሉ ትኩሳት ይዘው ቤት የሚቀመጡ እናቶች ብዙዎች ናቸው።

ጀርሙ ብዙውን ጊዜ ከእናቲቱ ከራሷ ቆዳና ከብልቷ የሚነሳ ነው። በጤናው ጊዜ ምንም የማያደርግ ጀርም በተከፈተ ቁስል ሲገባ ጠባዩ ይለወጣል። ምጥ የረዘመባት፣ የእንሽርት ውሃዋ ከፈሰሰ ብዙ ሰዓት የቆየ፣ በምጥ ላይ እያለች በጣት ደጋግማ የተመረመረች ሴት በቀጠሮ ቀዶ ጥገና ከተደረገላት ይልቅ የምትጋለጠውም ለዚህ ነው። ስኳር፣ የደም ማነስ፣ ከፍተኛ ውፍረትና በቀዶ ጥገናው ወቅት ብዙ ደም መፍሰስም አደጋውን ይጨምራሉ።

የሚያሰጋው እስከ ስንት ቀን ነው?

የቆዳው ቁስል በብዛት የሚያመረቅዘው ከ4ኛው እስከ 7ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ አብዛኛዋ እናት ከሆስፒታል ወጥታ ቤቷ ከገባች በኋላ ማለት ነው። የማህፀን ኢንፌክሽን ቀደም ብሎ፣ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ይጀምራል። ሐኪሞች ከቀዶ ጥገና ጋር የሚያያይዙት ኢንፌክሽን እስከ 30 ቀን ድረስ የሚመጣውን ነው፤ ስለዚህ በሦስተኛው ሳምንት የጀመረ መግልም «ከኦፕራሲዮኑ ጋር አይገናኝም» ተብሎ አይተውም።

በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ከመጠን ያለፈ ሕመምና በፍጥነት የሚሰፋ የቆዳ ለውጥ ከመጣ ግን እጅግ የሚያስቸኩል ነው። ብዙ ጊዜ የማይታይ፣ ሲመጣ ግን በሰዓታት የሚከፋ ዓይነት ነው።

ፋሻው መቼ ይነሳል? ገላዬንስ መቼ ልታጠብ?

ፋሻው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ይነሳል። ከዚያ በኋላ ደረቅ ቁስል ክፍት ቢሆን ይመረጣል፤ ልብስ እንዳይነካው ከፈለጉ ስስ ንጹህ ጎዝ ይበቃል።

ፋሻው ከተነሳ በኋላ ቆመው ወይም በርጩማ ላይ ተቀምጠው በሚፈስ ውሃ ገላዎን መታጠብ ይችላሉ። «አራስ ውሃ አይንካት» የሚለው ምክር ከብርድ ለመጠበቅ ታስቦ ነው፤ ለብ ያለ ውሃና በር የተዘጋ ክፍል ለዚያ ይበቃል። ሳይታጠቡ መሰንበት ግን ላብና የወሊድ ደም ስፌቱ አጠገብ እንዲከማች ያደርጋል። ቁስሉ ሙሉ በሙሉ እስኪገጥምና የወሊድ ደም እስኪቆም ሳፋ ወይም ገንዳ ውስጥ ተቀምጦ መዘፍዘፍ አይገባም።

ቁስሉን ቤት ውስጥ እንዴት ላጽዳው?

በቀን አንድ ጊዜ ውሃና ሽታ የሌለው ሳሙና በቂ ነው። መጀመሪያ እጅዎን በሳሙና ከ40 እስከ 60 ሴኮንድ ይታጠቡ። አረፋውን ከላይ ወደ ታች በስፌቱ ላይ እንዲፈስ ያድርጉ እንጂ በጨርቅ አይፈትጉት። አለቅልቀው ለቁስሉ ብቻ በተለየ ንጹህ ፎጣ ጫን ጫን እያደረጉ ያድርቁት። የቧንቧ ወይም የምንጩ ውሃ ለመጠጥ የማይታመን ከሆነ አፍልተው ያቀዘቀዙትን ይጠቀሙ።

ከጽዳቱ በላይ የሚዘነጋው ማድረቁ ነው። አግድም የተሰፋ ቁስል ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው ከሆድ እጥፋት ስር ነው፤ ሆዱ ሲተኛበት ይሞቃል፣ ያልበዋል፣ ቆዳው ይርሳል፣ ከዚያ ስፌቱ መሀል ላይ መላቀቅ ይጀምራል። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ በጀርባዎ ተኝተው ሆድዎን በእጅ ወደ ላይ ሳብ አድርገው ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ አየር ያስነኩት። በቀረው ጊዜ የታጠበና የተተኮሰ ስስ የጥጥ ጨርቅ እጥፋቱ ውስጥ ያስገቡ፤ ጨርቁ በረጠበ ቁጥር ይቀይሩት። የውስጥ ሱሪው ላስቲክ ከስፌቱ በላይ፣ እምብርት አካባቢ የሚውል ይሁን። ሆድ በመቀነት ማሰር ከፈለጉም ላልቶ፣ ላብ በሚመጥ ጨርቅና ቁስሉን ሳይፈትግ ይሁን፤ ማታ ይፈታ።

አልኮል፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና ቤታዲን በየቀኑ ማድረግ አያስፈልግም። ጀርሙን ብቻ ሳይሆን አዲስ የሚበቅለውንም ሥጋ ስለሚያቃጥሉ ቁስሉ ይዘገያል። ሐኪም ለተከፈተ ቁስል ለይቶ ካዘዘ የእሱ ትእዛዝ ይቀድማል።

ክሩ መቼ ይወጣል?

እንደ ክሩ ዓይነት ነው። በራሱ የሚሟሟ ከሆነ አይወጣም። የሚወጣ ክር በአግድም ስፌት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ5ኛው እስከ 7ኛው ቀን፣ ከእምብርት ወደ ታች በወረደ ስፌት ላይ ደግሞ ከ7ኛው እስከ 10ኛው ቀን ይወጣል። ከሆስፒታል ሲወጡ «የኔ ክር የሚሟሟ ነው ወይስ የሚወጣ? ስንት ቀን ላይ?» ብለው ጠይቀው ወረቀቱ ላይ ያስጽፉ። ቤት ውስጥ በምላጭ መቁረጥ ፈጽሞ አይሆንም።

በኦፕራሲዮን ወልጄ ሳለ ለምን በብልቴ ደም ይፈሳል? ጥንቃቄውስ ምንድን ነው?

ማህፀን እንደማንኛውም ወሊድ ራሱን እያጸዳ ነው። ደሙ መጀመሪያ ደማቅ ቀይ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ በመጨረሻም ነጣ ያለ ቢጫ እየሆነ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል። የሚያሰጋው ክፉ ጠረን ሲያመጣ፣ ወይም እየቀነሰ የነበረው ተመልሶ ሲበዛ ነው።

ሞዴስ ቢበዛ በየ4 ሰዓቱ ይቀየር። ጨርቅ የሚጠቀሙ ከሆነ በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ የደረቀ ይሁን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ፦ እጅ የሚታጠበው ሞዴስ ከቀየሩ በኋላ ብቻ ሳይሆን ከመቀየርዎ በፊትም ነው። ቤት ውስጥ ጉሮሮውን የሚያመው ሰው ካለ፣ በተለይ ሕፃን ልጅ፣ የጉሮሮ ሕመም ከሚያመጡት ጀርሞች አንዱ በእጅ ተሻግሮ ማህፀን ሲገባ አራስን ለሞት የሚያደርስ ኢንፌክሽን ያስነሳል። ደም እስኪቆም ድረስ በብልት ውስጥ የሚገባ ታምፖን አይጠቀሙ፤ ግብረ ሥጋ ግንኙነትም ደሙ ቆሞና ቁስሉ ገጥሞ፣ በአብዛኛው ከ6 ሳምንት በኋላ ይሁን።

አራስ ሊጠይቅ የሚመጣውን ሰው ምን እናድርገው?

ጥየቃው ይቅር ማለት አይቻልም፣ ቢቀርም አራሷን ይከፋታል። በር ላይ ውሃና ሳሙና ይቀመጥ፤ እንግዳ ሲገባ አስታጣቢ ቢቆም ለባህላችን እንግዳ ነገር አይደለም። ጉንፋን ወይም የጉሮሮ ሕመም ያለበት ሰው በስልክ ይጠይቅ። እንግዳ አራሷ አልጋ ላይ አይቀመጥ፤ ወንበር ይቅረብ። እ.ኤ.አ. በ1847 በቪየና ኢግናዝ ዜመልቫይስ የተባለ ሐኪም የሥራ ባልደረቦቹ እናቶችን ከመመርመራቸው በፊት እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ አድርጎ በወሊድ ትኩሳት የሚሞቱትን እናቶች ቁጥር በእጅጉ ቀንሶታል። ጀርም በሽታ እንደሚያመጣ ገና ባልታወቀበት ዘመን ነው ይህ የሆነው።

ቅቤ፣ ፌጦ፣ እምነት ወይም ወይባ ጭስስ?

ስፌቱ ላይ ምንም አይቀባም። ቅቤ ቁስሉን ያረጥባል፣ ጀርም ያበላል፤ ፌጦ ቆዳ ይልጣል፤ ማርም ከማሰሮ ተቀድቶ አይደረግ። የሃይማኖቱን ነገር አክብረን ነው የምንናገረው፦ እምነቱን ግንባር ላይ መቀባት ይቻላል፣ የተከፈተ ቁስል ላይ ግን አፈር ወይም አመድ አይነካም።

ወይባ ለሚሞቁ ደግሞ፣ ጭሱና ሙቀቱ የሚያመጣው ላብ በቀጥታ ስፌቱ ላይ ይወርዳል፤ በቀዶ ጥገናው የቆዳው ነርቮች ስለተቆረጡ ስፌቱ ዙሪያ ገና የደነዘዘ ቆዳም ሲቃጠል አይታወቅም። ቁስሉ ሙሉ በሙሉ እስኪገጥም ይቆይ።

ምን ልብላ? ልንቀሳቀስ ወይስ ልተኛ?

ገንፎውም አጥሚቱም ጥሩ ነው፤ ቁስል የሚጠግነው ግን ፕሮቲን ነው። በየቀኑ እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ ወይም ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ ይኑር። አራስ ከጾም ነጻ ናት። ከወሊድ በኋላ የሚሰጠውን የአይረን ኪኒን አያቋርጡ፤ የደም ማነስ ያለበት ሰው ቁስል ይዘገያል። የስኳር ሕመም ካለ አጥሚቱ ላይ የሚጨመረው ስኳርና ማር ይቅር።

በመጀመሪያው ቀን ከአልጋ ተነሥቶ ጥቂት መራመድ ለሳንባም ለደም ዝውውርም ይጠቅማል፤ የሽንት ቱቦውም ቶሎ እንዲወጣ ይረዳል። ሲያስሉ ወይም ሲስቁ ትራስ ሆድዎ ላይ ደግፈው ይያዙ። ለ6 ሳምንት ያህል ከልጅዎ የከበደ ነገር አያንሡ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው።

ጤነኛው ቁስልና የተበከለው በምን ይለያሉ?

ስፌቱ ጠርዝ ላይ ቀጭን ሮዝ መስመር፣ ሲነኩት ጠጠር የሚል ገመድ መሰል ነገር፣ ማሳከክ፣ በላዩ ያለው ቆዳ መደንዘዝና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት የጠራ ወይም ሮዝ ፈሳሽ የተለመዱ ናቸው። ሕመሙም ከቀን ወደ ቀን ይቀንሳል። ትናንት ከነበረው ዛሬ ከባሰ፣ ቦታው ከጋለ፣ ካበጠ፣ ወፍራም ቢጫ ወይም አረንጓዴ ፈሳሽ ከወጣ ወይም ከሸተተ ኢንፌክሽን ነው ብለው ይሂዱ።

«ቁስሉ ይቀላል» የሚለው ምልክት በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ላይታይ ይችላል። በእኛ ቆዳ ላይ ቀዩ ወደ ጥቁር ሐምራዊ ያደላል፤ ወይም ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል። ስለዚህ በዓይን ብቻ ሳይሆን በእጅ ጀርባ ሙቀቱን ዳብሰው ከሆድዎ ሌላ ክፍል ጋር ያነጻጽሩ። በየጠዋቱ በአንድ ዓይነት ብርሃን በስልክ ፎቶ ያንሡት፤ ከእጥፋት ስር ያለውን በራስዎ ማየት ስለማይችሉ ባለቤትዎ ወይም እናትዎ ያንሡልዎ። ለውጥ የጠረጠሩበትን ቦታ ጠርዝ በእስክሪብቶ ያክብቡት፤ ለውጡ መስመሩን ካለፈ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ትኩሳት አለኝ፤ «ምች ነው» አሉኝ። ልጠብቅ?

አይጠብቁ። አራስ ሲያተኩሳት ምች ነው፣ ብርድ ነው፣ ወተቱ ሲወርድ ነው እየተባለ ዳማ ከሴ ሲጠጣ የሚያልፉት ሁለትና ሦስት ቀናት ናቸው ማህፀን ውስጥ ያለውን ኢንፌክሽን ወደ ደም የሚያሻግሩት። ጡት ወተት ሲሞላ ትንሽ ሙቀት ሊጨምር ይችላል፤ ግን ያ ጡቱ ሲጠባ በአንድ ቀን ያህል የሚበርድ ነው፣ አራሷንም አያንቀጠቅጣትም።

ከፋርማሲ ዲጂታል ቴርሞሜትር ይግዙና ጠዋትና ማታ ይለኩ። ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ትኩሳቱን ስለሚደብቁ የሚለካው ኪኒኑ ከመዋጡ በፊት ነው። በብብት የሚለካው በአፍ ከሚለካው ግማሽ ዲግሪ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ በብብት 37.5 ካሳየ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግመው ይለኩ። 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ከሆነ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂዱ፤ ዳማ ከሴው ከምርመራው በኋላ ይደርሳል።

ቀዶ ጥገናው በቀጠሮ ነው፤ ከመግባቴ በፊት ምን ላድርግ?

በዋዜማው ወይም በዕለቱ ጠዋት ገላዎን በሳሙና ይታጠቡ። ፀጉሩን በምላጭ አይላጩ፤ ምላጭ ዓይን የማያየው ጭረት ትቶ ለጀርም በር ይከፍታል። ማሳጠር ካስፈለገ ሆስፒታሉ በመቁረጫ ማሽን ያሳጥረዋል። የፔኒሲሊን አለርጂ ካለብዎ አስቀድመው ይናገሩ፤ ምትክ መድኃኒት አለ።

ከመቀደዱ በፊት ሆድዎ ክሎርሄክሲዲን በተባለ፣ አልኮል ባለው ጀርም ገዳይ ፈሳሽ ይጸዳል፤ እስኪደርቅ 3 ደቂቃ ያህል መጠበቅ አለበት። ብልትዎ ውስጥም በቤታዲን ቢጸዳ አይደንግጡ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው፣ የማህፀን ኢንፌክሽንን የሚቀንስ አሠራር ነው።

አንቲባዮቲክ መቼ ነው የሚሰጠው? ወደ ቤት ስሄድ ለሳምንት የሚዋጥ ያስፈልገኛል?

ከሁሉም በላይ የሚከላከለው ቆዳው ከመቀደዱ በፊት ባሉት 60 ደቂቃዎች ውስጥ በደም ሥር የሚሰጠው አንድ መርፌ ነው። በብዛት የሚመረጠው ሴፋዞሊን 2 ግራም ነው፤ ከ120 ኪሎ በላይ ለምትመዝን እናት 3 ግራም ይሆናል። ሴፋዞሊን ከሌለ አምፒሲሊን ይሰጣል። ድሮ ለሕፃኑ ተብሎ እትብቱ ከታሰረ በኋላ ነበር የሚሰጠው፤ ዛሬ ቀድሞ እንዲሰጥ የሚመከረው ቢላው ቆዳውን ሲነካ መድኃኒቱ ሥጋው ውስጥ ደርሶ እንዲጠብቅ ነው። የፈሰሰው ደም ከ1,500 ሚሊ ሊትር ካለፈ ወይም ቀዶ ጥገናው ከ4 ሰዓት ከበለጠ ይደገማል። ምጥ ጀምሯት ወይም የእንሽርት ውሃዋ ፈስሶ ለምትገባ ሴት 500 ሚሊ ግራም አዚትሮማይሲን ሲጨመር የበለጠ ይረዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ በሆነ፣ 2,013 ሴቶችን ባካተተ የአሜሪካ ጥናት ኢንፌክሽኑ ከ12 በመቶ ወደ 6 በመቶ ገደማ ወርዷል።

ቀዶ ጥገናው ያለ ችግር ካለቀ ከዚያ በኋላ ለ5 ወይም ለ7 ቀን የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ተጨማሪ ጥቅም እንደሌለው ነው የሚታወቀው። ያም ሆኖ በብዙ ቦታ በልማድ ይታዘዛል። ከታዘዘልዎ «ለመከላከል ነው ወይስ ኢንፌክሽን ስላለብኝ?» ብለው ይጠይቁ። ለሕክምና ከሆነ በታዘዘው ልክ ይጨርሱት። ትኩሳት ሲጀምር ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥ ግን አደገኛ ነው፦ ትኩሳቱን ለአንድ ሁለት ቀን ያለዝበዋል፣ ጀርሙን ግን አይነቅለውም። የማህፀን ኢንፌክሽን ብዙውን ጊዜ በሆስፒታል ክሊንዳማይሲንና ጀንታማይሲን በደም ሥር እየተሰጠ፣ ትኩሳቱ ከጠፋ ከ24 እስከ 48 ሰዓት እስኪሞላው ነው የሚታከመው።

አንቲባዮቲክ እየወሰድኩ ጡት ማጥባት እችላለሁ?

ይችላሉ። አሞክሳሲሊን፣ ሴፋሌክሲን፣ ክሎክሳሲሊን፣ ሴፍትሪያክሶንና በተለመደው መጠን የሚሰጥ ሜትሮኒዳዞል ማጥባትን አይከለክሉም። የሕፃኑ ሰገራ ሊቀጥን ወይም አፉ ውስጥ ነጭ ነገር ሊወጣ ይችላል፤ ያን ለባለሙያ ያሳዩ፣ ጡቱን ግን አያስጥሉ።

ስፌቱ ተከፈተ። ምን ላድርግ?

ከስፌቱ ድንገት ብዙ ፈሳሽ ቢፈስ ሁልጊዜ መግል አይደለም፤ ከቆዳው ስር የተጠራቀመ ደም ወይም ውሃ ሊሆን ይችላል። ንጹህ ጎዝ ወይም የተተኮሰ ጨርቅ ሸፍነው በዚያው ቀን ይሂዱ። ያመረቀዘ ቁስል ወዲያው ተመልሶ አይሰፋም፤ ሐኪሙ መግሉን አውጥቶ፣ የሞተውን ሥጋ አጽድቶ ክፍት ይተወዋል። ብዙ እናቶች «ከፍተው ጣሉኝ» ብለው ይጨነቃሉ፤ ግን በላዩ ቢሰፋ መግሉ ከስር ይታፈናል። በየቀኑ እየታጠበ ከስር ወደ ላይ ይሞላል፣ ወይም ሲጠራ በኋላ ይሰፋል። ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል፤ የፋሻ ቅያሬውን ቀጠሮ አያሳልፉ።

የሆድ ዕቃ ከወጣ ወይም ከውስጥ የሚገፋ እብጠት ከታየ ግን ወደ ውስጥ አይመልሱት። ተፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ወይም በኖርማል ሳላይን የረጠበ ንጹህ ጨርቅ ሸፍነው፣ ጉልበቷን አጥፋ በጀርባዋ አስተኝተው፣ ምንም ሳትበላና ሳትጠጣ ያድርሷት።

ሌሊትም ቢሆን ሳልጠብቅ የምሄደው መቼ ነው?

የሚያንቀጠቅጥ ብርድ፤ ትኩሳት ከ38 በላይ ሆኖ ወይም ከ36 በታች ወርዶ የልብ ምቱ በደቂቃ ከ110 ሲበልጥ፤ አተነፋፈስ ሲፈጥን፤ ሽንት ሲቀንስ፤ አራሷ ስትቀባጥር ወይም ልጇን ለማቀፍ እንኳ አቅም ስታጣ፤ የታችኛው ሆዷ ሲነካ የሚያስጮህ ሕመም ሲሆን፤ ከብልቷ ክፉ ሽታ ያለው ፈሳሽ ከትኩሳት ጋር ሲመጣ። የልብ ምት ለመቁጠር ከአውራ ጣቷ በታች የእጅ አንጓዋ ላይ ሁለት ጣት አሳርፈው በሰዓት 30 ሴኮንድ ይቁጠሩና በ2 ያባዙ። አምቡላንስ ከቀበሌው ጤና ኬላ ወይም ከቀይ መስቀል በ907 ይጠራል። ከተቻለ ቀዶ ጥገና ወደሚሠራ ሆስፒታል ይሁን፤ የመውጫ ወረቀቷንና የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ይዛችሁ ሂዱ።

በፊት ይዞኝ ነበር። በሚቀጥለው ወሊድ ይደገማል? ማህፀኔስ ይጎዳል?

መደገሙ አይቀርም ማለት አይደለም። ላዩ ብቻ አመርቅዞ የዳነ ቁስል ለቀጣዩ እርግዝና እንቅፋት አይሆንም። ማህፀኑ ራሱ ተበክሎ ከነበረ ግን ጠባሳው እንደሌላው ጠንካራ ላይሆን ስለሚችል፣ በምጥ ለመውለድ ከመወሰንዎ በፊት ሐኪሙ ማወቅ አለበት። ከወሊዱ እስከሚቀጥለው እርግዝና ቢያንስ 24 ወር ይኑር፤ የደም ማነሱና ስኳሩም በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል ይታይ። ለዚህ ሁሉ ማስረጃው ከሆስፒታል የወጡበት ወረቀት ነውና ማህፀኑ በየት በኩል እንደተቀደደ፣ ኢንፌክሽኑ የት እንደነበረና የትኛው መድኃኒት እንዳዳነዎ አስጽፈው ከልጅዎ የክትባት ካርድ ጋር ያስቀምጡት።